የገዛ ገንዘቤን ለማውጣት ለምን ደጅ እጠናለሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከተለያዩ ሰዎች የመጡ ቢሆኑም የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው፤ ሰው በባንክ ያስቀመጠውን የገዛ ገንዘቡን ለማግኘት የሚደርስበት እንግልት። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹንና የባንኮቹን ስም አስቀርተን አቅርበናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ

ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለረጅም ዓመታት ገንዘቤን ሳስቀምጥበት የኖርኩት ባንክ ሳላስበው ሂሳቤን አገደብኝ። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ቅርንጫፉ ብሄድ፣ በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ «ሲስተሙ አልፈቀደልኝም፤ ለደንበኞች አገልግሎት ይደውሉ» አለችኝ። ስደውል ደግሞ «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ ጠቃሚ ነው» የሚለውን ድምፅ ከነሙዚቃው ብዙ ካዳመጥኩ በኋላ ያገኘሁት መልስ «ቅርንጫፍ ቀርበው ያነጋግሩ» የሚል ነበር። ቅርንጫፉ በበኩሉ ሂሳቡ መጀመሪያ ወደ ተከፈተበት ሌላ ቅርንጫፍ ላከኝ። እዚያ ስደርስ ፊርማዬ ከድሮው ጋር አይመሳሰልም ተባልኩና ባዶ ወረቀት ላይ ደጋግሜ እንድፈርም ተደረገ፤ ሠራተኛው እጄን ትክ ብሎ ሲያይ ጣቶቼ እየከበዱኝ፣ በፈረምኩ ቁጥር ፊርማው ከድሮው ይበልጥ እየራቀ ሄደ። ከሁሉም የባሰው ግን የስልኩ ነገር ነው። ባንኩ የሚያውቀው ቁጥሬ ከተዘጋ ቆይቷል፤ አዲሱን ለማስመዝገብ ስጠይቅ ማረጋገጫው የተላከው ወደ አሮጌው ቁጥር ስለሆነ እሱን እንድነግራቸው ይጠይቁኛል። ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ ይህ ገንዘብ የእኔ ነው ወይስ የባንኩ? የእኔ ከሆነስ ለማውጣት ለምን ደጅ እጠናለሁ?

መልስ

የመጀመሪያው ጥያቄዎ ቀላል ቢመስልም መልሱ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ገንዘብዎን ለባንኩ ካስረከቡበት ጊዜ ጀምሮ ያ ገንዘብ የባንኩ ሆኗል፤ በምትኩ ባንኩ የእርስዎ ባለዕዳ ሆኗል። በዚያን ዘመን የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ሆኖ ይሠራ የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ1848 በፎሊና በሂል ክርክር በሰጠው ፍርድ፣ ባንክ የደንበኛውን ገንዘብ በአደራ ይዞ የሚጠብቅ ሞግዚት ሳይሆን ተበድሮ የሚሠራበት ባለዕዳ መሆኑን ወስኗል፤ የእንግሊዝን የሕግ ሥርዓት የተከተሉ አገሮችም እስከ ዛሬ የሚሠሩት በዚሁ ነው። በሂሳብዎ ላይ የሚያዩት ቀሪ አኃዝ በካዝና ውስጥ ስምዎ ተጽፎበት የተቀመጠ የብር ኖት ሳይሆን ባንኩ «ይህን ያህል አለብኝ» ብሎ የመዘገበው ዕዳ ነው።

ይህ መልስ የባንኩን እጅ የሚያጠነክር ቢመስልም በአግባቡ ከተያዘ የሚጠቅመው እርስዎን ነው። ባለዕዳ ዕዳውን እንዲከፍል ሲጠየቅ ውለታ አይውልም፤ የማይከፍልበት ሕጋዊ ምክንያት ካለው ምክንያቱን የማስረዳት ግዴታው የእሱ ነው። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ሲቆሙ ጥያቄዎን «እባካችሁ ተባበሩኝ» ከሚለው ልመና አውጥተው «እንዳይከፈለኝ ያገደው ምንድን ነው? ያገደው የትኛው ክፍል ነው? እግዱን የሚያነሣው ምን ሰነድ ነው?» ወደሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ይለውጡት። በእኔ እምነት በባንክ ውስጥ የሚባክነው ጊዜ አብዛኛው የሚባክነው እነዚህ ጥያቄዎች በግልጽ ሳይጠየቁ፣ ወይም ተጠይቀው ሳይመለሱ በመቅረታቸው ነው።

እንዲህ የምለው በመስኮት ያለው ሠራተኛ በአብዛኛው ራሱም ስለማያውቅ ነው። ሂሳብ ሲታገድ እሱ ፊት ያለው ገጽ ላይ የሚታየው አንድ ምልክት ወይም አጭር ኮድ እንጂ ታሪኩ አይደለም፤ ምልክቱን ያስቀመጠውም ሆነ ሊያነሣው የሚችለው በዋናው መሥሪያ ቤት ያለ ክፍል ሊሆን ይችላል። ከምልክቱ በስተጀርባ ያለው ምክንያትም ብዙ ዓይነት ነው። መታወቂያዎ ጊዜው አልፎበት አዲሱን ስላላቀረቡ፣ ሂሳቡ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ እንቅስቃሴ አልባ ተብሎ ስለተመደበ፣ ከወትሮው የተለየ ግብይት ታይቶ ማጭበርበር ስለተጠረጠረ፣ የፍርድ ቤት ወይም የግብር መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ስለደረሰ፣ ወይም ገንዘቡ የወንጀል ፍሬ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ስላለ ሊሆን ይችላል። መፍትሔያቸው ፈጽሞ አይገናኝም። ለመጀመሪያው አዲስ መታወቂያ ይበቃል፤ ለፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ግን ባንኩን ቢለምኑት ከንቱ ድካም ነው፤ መሄድ ያለብዎት ትእዛዙን ወደሰጠው አካል ነው።

እንቅስቃሴ አልባ የተባለ ሂሳብ ሰዎችን ከሚገባው በላይ ስለሚያስጨንቅ ጥቂት ልጨምርበት። ሂሳቡ መቀዝቀዙ ገንዘቡን አያጠፋውም። በብሪታንያ በ2008 በወጣው ሕግ መሠረት 15 ዓመት ሙሉ ባለቤቱ ያላንቀሳቀሰው ገንዘብ ለማኅበራዊ አገልግሎት ወደ ተቋቋመ ፈንድ ሊተላለፍ ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ከዚያም በኋላ ቢመጣ የመጠየቅ መብቱ አይቀርበትም። በአሜሪካ ግዛቶች ጊዜው በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ሲሆን ገንዘቡ ለግዛቱ መንግሥት ተላልፎ በባለቤቱ ስም ይያዛል። የአገርዎ የጊዜ ገደብ ከእነዚህ ሊለይ ይችላል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ገንዘብ ማስገባት ወይም ማውጣት ግን ሂሳቡን ከዚህ ጣጣ ያድነዋል።

ምክንያቱ የማይነገርበት አንድ ሁኔታ አለ፤ እሱን ማወቁ ከብዙ ንዴት ያድናል። ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል በ1989 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ድርጊት ግብረ ኃይል ካወጣቸው 40 ምክረ ሐሳቦች ውስጥ 21ኛው፣ ባንክ በደንበኛው ላይ የጥርጣሬ ሪፖርት ማቅረቡን ለደንበኛው እንዳይገልጽ ይከለክላል፤ በብዙ አገሮችም ሠራተኛው ይህን ቢናገር ራሱ ወንጀለኛ ይሆናል። በብሪታንያ ባንኩ ለመክፈል ፈቃድ ሲጠይቅ ባለሥልጣኑ መልስ ለመስጠት 7 የሥራ ቀናት አለው፤ ፈቃድ ከተከለከለ ደግሞ እግዱ ለ31 ቀናት ይቀጥላል፤ ፍርድ ቤት ሊያራዝመውም ይችላል። «ጉዳዩ በማጣራት ላይ ነው» ከማለት በስተቀር ምንም የማይጨምር፣ ምንም ዓይነት ሰነድም የማይጠይቅ ባንክ ካጋጠመዎ ይህ ሊሆን ስለሚችል፣ በመስኮቱ ሠራተኛ ላይ መጮኹ እሱን ከማሳቀቅ አልፎ አይረዳዎትም። የገንዘቡን ምንጭ የሚያሳዩ ወረቀቶችን፣ ማለትም የደመወዝ ማስረጃ፣ የሽያጭ ውል ወይም የውርስ ሰነድ፣ ሳይጠየቁ በጽሑፍ ማቅረብ ግን ጉዳዩን የሚመረምረው ክፍል እጅ ላይ ማስረጃ ማኖር ነው።

የእርስዎ ጉዳይ ግን ይህ አይመስለኝም። ፊርማና ስልክ መጠየቅዎ የሚያሳየው ባንኩ የሚፈልገው ማንነትዎን ማረጋገጥ መሆኑን ነው። ወደ ተከፈተበት ቅርንጫፍ መላክዎም መነሻ አለው፤ የእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1921 ስዊስ ባንክ ኮርፖሬሽን በተከሰሰበት ጉዳይ፣ የባንክ የመክፈል ግዴታ ደንበኛው ሂሳቡ በሚገኝበት ቅርንጫፍ፣ በሥራ ሰዓት ቀርቦ ሲጠይቅ የሚጀምር መሆኑን ገልጾ ነበር። ያ ዘመን መዝገቡ በአንድ ቅርንጫፍ ጠረጴዛ ላይ የሚገኝበት ዘመን ነው። ዛሬ ቀሪ ሂሳብዎ ከየትኛውም ቅርንጫፍ እየታየ እንኳ ይህ ልማድ ያልጠፋው፣ ሂሳቡን ሲከፍቱ የሞሉት ቅጽና የፊርማ ናሙና ካርድ በወረቀት ከሆነ እዚያው ፋይል ውስጥ ስለሚቀር ነው። ካርዱን ስካን አድርጎ ለሌላው ቅርንጫፍ መላክ የደቂቃዎች ሥራ መሆኑን እያወቀ ደንበኛውን የሚያመላልስ ባንክ ግን የራሱን ሥራ ለደንበኛው እግር አሸክሟል ብዬ ነው የማስበው።

ፊርማው ላይ ሙግት አይግጠሙ። የሰው ፊርማ በዕድሜ፣ በሕመም፣ በችኮላ ይለወጣል፤ እያዩት ሲፈርምም ይበላሻል። ሕጋዊ መታወቂያዎን አቅርበው አዲስ የፊርማ ናሙና እንዲሞሉ ይጠይቁ። ናሙናውን ቁጭ ብለው፣ ቼክ ወይም ደረሰኝ ላይ እንደሚፈርሙት አድርገው እንጂ የድሮውን ለማስመሰል እየታገሉ አይፈርሙ፤ እየታገሉ የፈረሙት ናሙና በሚቀጥለው ጊዜም መልሶ ይጥልዎታል።

ስልኩን በተመለከተ ባንኩ ያስገባዎት መውጫ የሌለው ቤት ውስጥ ነው። በስልክ የሚያነጋግርዎት ሠራተኛ ይህን ሊፈታው አይችልም፤ የሌላን ሰው የስልክ መስመር በራሳቸው ሲም ካርድ ላይ አስዞረው የሰው ሂሳብ የሚያራቁቱ አጭበርባሪዎች በመብዛታቸው፣ ቁጥር መቀየር በስልክ ብቻ እንዳይፈጸም መደረጉ ራሱ ደንበኛውን ይጠብቃል። መውጫው በአካል ቀርቦ የሚሞላ የስልክ ቁጥር መቀየሪያ ቅጽ ነው። ቅጹን አንዱ ሠራተኛ መዝግቦ ሌላው፣ በአብዛኛው ኃላፊው፣ ያጸድቀዋል። ስለዚህ ከመስኮቱ ሠራተኛ ጋር ሲነታረኩ ከመዋል «ይህን የሚያጸድቀው ኃላፊ ማን ነው?» ብለው በቀጥታ እሱን ይጠይቁ። መታወቂያዎን፣ ደብተርዎን ወይም ካርድዎን፣ እንዲሁም ቅርብ ጊዜ ያስገቡትንና ያወጡትን ገንዘብ የሚያሳይ ደረሰኝ ካለዎት ይዘው ይሂዱ።

ይህም ካልሠራ ቅሬታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የሂሳቡን ዓይነት፣ የተከለከሉበትን ቀን፣ ያነጋገሩትን ሠራተኛ የሥራ ድርሻ፣ የተሰጠዎትን መልስ ቃል በቃል፣ እና የሚፈልጉትን ውሳኔ ይያዝ። ብስጭትዎን የሚገልጹት አንቀጾች ምንም ያህል እውነት ቢሆኑ አንባቢውን ከቀኑና ከቃሉ ስለሚያርቁት ይተዋቸው። ግልባጩ ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ወይም የቅሬታ ቁጥር ሳይቀበሉ ከቢሮው አይውጡ። ይህ ቁጥር ጉዳዩን ወደ ላይኛው አካል ሲወስዱት ሰዓቱ ከመቼ እንደሚቆጠር የሚወስን ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ባንክ ከክፍያ አገልግሎት ጋር ለተያያዘ ቅሬታ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካለም ከ35 አይበልጥም። በብሪታንያ ለአብዛኛው ቅሬታ 8 ሳምንት አልፎ የመጨረሻ መልስ ካልተሰጠ፣ ወይም መልሱ ካላረካ፣ ደንበኛው ያለ ክፍያ ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂ መሄድ ይችላል፤ ደንበኛው የእንባ ጠባቂውን ውሳኔ ከተቀበለው ባንኩ ይገደድበታል። እንዲህ ያለ ተቋም በሌለበት አገር ባንኮችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ወይም ማዕከላዊ ባንክ አቤቱታ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ።

ጥያቄ

ከገንዘብ መክፈያ ማሽን ገንዘብ ለማውጣት ሞክሬ፣ ማሽኑ ኖት ሲቆጥር ድምፁ እየተሰማኝ አፉ ሳይከፈት ቀረና ካርዴን መለሰልኝ። ወዲያው በስልኬ የገባው መልእክት ግን ገንዘቡ ከሂሳቤ መቀነሱን ይናገራል። ባንኬ «ማሽኑ የሌላ ባንክ ስለሆነ ወደ እነሱ ይሂዱ» ይለኛል፤ የማሽኑ ባለቤት ደግሞ «እርስዎ የእኛ ደንበኛ አይደሉም» ይለኛል። ለመሆኑ ያላወጣሁትን ገንዘብ አለማውጣቴን በምን ላስረዳ?

መልስ

የማስረዳቱን ሸክም ከትከሻዎ ያውርዱት፤ ማስረጃው ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ማሽኑ ካርዱ ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ እያንዳንዱን እርምጃ ይመዘግባል፤ ፈቃድ መጠየቁን፣ ፈቃድ ማግኘቱን፣ ከየትኛው የኖት ሳጥን ስንት ኖት እንዳነሣ፣ ኖቶቹ ወደ መውጫው ደርሰው እንደተወሰዱ ወይም ተመልሰው ወደ ውስጠኛው ማጠራቀሚያ እንደገቡ ሁሉ በሰዓትና በደቂቃ ይቀመጣል። ባንክዎ ገንዘቡን ከሂሳብዎ የሚቀንሰው ማሽኑ ፈቃድ በጠየቀ ጊዜ ነው። ኖቱ ሳይወጣ ከቀረ ማሽኑ «አልከፈልኩም፣ መልሱለት» የሚል ሁለተኛ መልእክት መላክ አለበት፤ በዚያች ቅጽበት መስመሩ ከተቋረጠ ያ መልእክት መንገድ ላይ ይቀርና ሂሳብዎ እንደተቀነሰ ይቆያል። ማሽኑ ተከፍቶ ኖቱ ሲቆጠር ግን ያልወጣው ገንዘብ እንደ ትርፍ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ማንም ሳይጠይቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሶ የሚገባውም በዚህ ማመሳከር ነው።

ውል ያለዎት ካርዱን ከሰጠዎት ባንክ ጋር ብቻ ነው፤ ማሽኑ የማንም ይሁን የማን፣ ቅሬታዎን ተቀብሎ ባንኮቹን በሚያገናኘው የካርድ መረብ በኩል ከማሽኑ ባለቤት ጋር መነጋገር ያለበት ያ ባንክ ነው። ወደ ማሽኑ ባለቤት የላከዎት ሰው ሥራውን አያውቅም፣ ወይም ሊሠራው አልፈለገም። በአሜሪካ ደንብ ባንኩ ስሕተቱን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መርምሮ መጨረስ አለበት፤ ካልጨረሰ ገንዘቡን ለጊዜው ወደ ደንበኛው ሂሳብ መልሶ ምርመራውን እስከ 45 ቀን፣ በአንዳንድ ሁኔታ እስከ 90 ቀን፣ ሊቀጥል ይችላል። በአገርዎ ያለው የቀን ብዛት የተለየ ቢሆንም የባንክዎን የካርድ አገልግሎት ውል ቢያነቡ የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ ተጽፎ ስለሚያገኙ፣ እሱ ሳያልፍ በጽሑፍ ያመልክቱ። ማመልከቻው ላይ ሰዓቱን እስከ ደቂቃው፣ የማሽኑን ቦታና ፊቱ ላይ የተለጠፈውን መለያ ቁጥር ይጻፉ፤ በስልክዎ የደረሰውን መልእክትም አይሰርዙት።

በዚያው ማሽን ደጋግመው መሞከር አይመከርም፤ ሁለተኛው ሙከራም ሊቀንስብዎ ይችላል። ከኋላዎ ቆሞ «ላግዝዎት» የሚል ሰው ቢመጣም በትሕትና ይሸኙት፤ ገንዘብ እንዳይወጣ አፉን አስቀድመው የሚደፍኑ ሌቦች ስላሉ፣ የማሽኑ አፍ ላይ የተጣበቀ እንግዳ ነገር ካዩ ከቦታው ሳይርቁ ለባንኩ ይደውሉ።

ጥያቄ

ለአንድ ጉዳይ ከወትሮው ከፍ ያለ ገንዘብ ለማውጣት ስጠይቅ፣ ገንዘብ ከፋዩ ጮክ ብሎ «ለምን ይፈልጉታል?» አለኝ። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መልስ ብሰጠውም «ዛሬ ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ የለንም፣ ነገ ይምጡ» ብሎ አሰናበተኝ። በገዛ ገንዘቤ ልመረመር ይገባል ወይ? ባንክ ገንዘብ የለኝም ሲልስ ልፈራ ይገባኛል?

መልስ

ጮክ ብሎ መጠየቁ ነውር ነው፤ ደንበኛን ለሌባ ዓይን አጋልጦ የሚሰጥ አሠራር ስለሆነ፣ ከቅሬታ ሁሉ አስቀድመው ይህን ያቅርቡ። የጥያቄው ይዘት ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባም ሆነ ሲወጣ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል፤ ሪፖርቱ ራሱ ጥፋት የለበትም፣ ገንዘቡንም አያግድም። ይልቁንም ሪፖርቱን ለመሸሽ ሲባል ገንዘቡን ከገደቡ በታች እየከፋፈሉ ማውጣት ወንጀል ነው። ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው ገደብ ስላላቸው፣ «ከጠያቂ ለመዳን በትንሽ በትንሹ አውጣ» የሚለውን የወዳጅ ምክር አይከተሉ።

ሁለተኛው የጥያቄው ምክንያት ማጭበርበር ነው። በስልክ ተደውሎላቸው፣ አስፈራርተው ወይም አማልለው ያላቸውን ሁሉ አስወጥተው የሚወስዱባቸው ሰዎች ብዙ በመሆናቸው፣ በብሪታንያ ባንኮችና ፖሊስ ባደረጉት ስምምነት ገንዘብ ከፋይ ደንበኛው እየተታለለ ነው ብሎ ከጠረጠረ ፖሊስ ሊጠራ ይችላል። የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 በሰጠው ፍርድ፣ ደንበኛው ራሱ በግልጽ ያዘዘውን ክፍያ ባንክ ሊፈጽም እንደሚገባ፣ ለምን እንደሚከፍል የመመርመር አጠቃላይ ግዴታም እንደሌለበት ገልጿል፤ ከጥቅምት 7 ቀን 2024 ጀምሮ ግን፣ ይህም በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር ነው፣ ተታልለው በባንክ ዝውውር ለከፈሉ ሰዎች እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲመለስላቸው የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ ውሏል። ጉዳቱ ወደ ራሱ ኪስ ሲዞር ባንኩ ለምን ጠያቂ እንደሚሆን ከዚህ ይገባዎታል። አጭርና እውነተኛ መልስ ይስጡ፤ ዝርዝሩን በሕዝብ ፊት መናገር ካልፈለጉ በኃላፊው ቢሮ ብቻዎን እንዲያነጋግሩዎ መጠየቅ ይችላሉ።

«ጥሬ ገንዘብ የለንም» የሚለው መልስ ብዙውን ጊዜ አያስፈራም። አንድ ቅርንጫፍ በካዝናው የሚይዘው ለዕለት ሥራው የሚበቃውን ብቻ ነው፤ የተቀረው የሌሎች ሰዎች ብድር ሆኖ ወይም በማዕከላዊ ባንክ ተቀማጭ ሆኖ ይገኛል። ለዚህም ነው ከተወሰነ መጠን በላይ ለማውጣት ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ማሳወቅ የሚጠየቀው። ባንኩ ግን ይህን አስቀድሞ በግልጽ ያልለጠፈው እንደሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው። «ነገ ይምጡ» ሲባሉም እንዲሁ አይሂዱ፤ መጠኑ ተመዝግቦ፣ ሰዓት ተወስኖ፣ ያስመዘገበው ሠራተኛ ማን እንደሆነ አውቀው ይውጡ። ገንዘቡ የግድ በጥሬው ካላስፈለገዎ ለሻጩ በሂሳብ ማስተላለፍ ወይም በባንኩ ስም በሚወጣ ሲፒኦ መክፈል በዚያው ቀን ሊፈጸም ይችላል።

የሚያስፈራው እጥረቱ የአንድ ቅርንጫፍ መሆኑ ቀርቶ በአገር ደረጃ ገደብ ሲጣል ነው። አርጀንቲና በታኅሣሥ፣ ማለትም በዲሴምበር 2001፣ ከባንክ የሚወጣውን ጥሬ ገንዘብ በሳምንት 250 ፔሶ አድርጋ ነበር፤ በ2013 በቆጵሮስ ባንኮች ከተዘጉ በኋላ ሲከፈቱ በቀን 300 ዩሮ፣ በ2015 በግሪክ በቀን 60 ዩሮ ብቻ እንዲወጣ ተደርጓል። በእነዚያ ቀናት አንድም የቅርንጫፍ ሠራተኛ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አልነበረም። ባንኩ ራሱ ቢወድቅ ግን የሚያስጥለው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ነው፤ በአሜሪካ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 250,000 ዶላር፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እስከ 100,000 ዩሮ ይሸፈናል። በአገርዎ እንዲህ ያለ መድን መኖሩን፣ ካለም ጣሪያው ስንት እንደሆነ ለማወቅ የሚሻለው ጊዜ ምንም ሥጋት የሌለበት ጊዜ ነው።

ጥያቄ

እናቴ አርጅተው ባንክ ድረስ መሄድ አልቻሉም። እስካሁን ካርዳቸውንና የምስጢር ቁጥራቸውን ይዤ ስጠቀም ነበር፤ አሁን ካርዱ ጊዜው አልፎበት ባንኩ እሳቸው ካልቀረቡ አላድስም አለኝ። ልጃቸው መሆኔን የልደት ወረቀት አሳይቼ ብከራከርም አልሰሙኝም። ምን ላድርግ?

መልስ

ልጅነት በሂሳባቸው ላይ ሥልጣን አይሰጥም፤ የልደት ወረቀቱም የሚያረጋግጠው ዝምድናዎን ብቻ ነው። ካርድና የምስጢር ቁጥር ለሌላ ሰው መስጠት፣ ለልጅ ቢሆንም፣ የባንኩን ውል መጣስ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ገንዘብ ቢጠፋ ባንኩ ኃላፊነት አልወስድም የሚልበትን በር ይከፍታል። የሚያስፈልግዎ ውክልና ነው። ውክልናው በጥቅሉ «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» ከማለት አልፎ ገንዘብ ማውጣትን፣ ማስተላለፍን፣ ካርድ ማውጣትንና የሂሳብ መግለጫ መቀበልን በስም ቢዘረዝር ባንኩ ጋ ከመመላለስ ያድንዎታል፤ ከመጻፍዎ በፊት ባንኩ የሚቀበለው የራሱ ቅጽ እንዳለው ይጠይቁ።

ሁለት ነገሮችን ግን አያዘግዩ። ውክልና የሚሰጠው ሰው የሚፈርመውን የሚረዳ መሆን አለበት፤ በብዙ አገሮች ሕግ ተራ ውክልና ሰጪው አእምሮው ሲደክም ይፈርሳል፤ እንግሊዝን የመሰሉ አገሮች ከዚያ በኋላም የሚጸና ሌላ ዓይነት ውክልና አላቸው። በሞት ግን ውክልና በአብዛኛው ያበቃል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ባንኩ የሚያውቀው በሕግ የተረጋገጠ ወራሽን ብቻ ስለሆነ፣ በውክልናው ወይም በካርዱ አንድ ጊዜ እንኳ ማውጣት ከወንድምና ከእኅት ጋር ፍርድ ቤት ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ እናትዎ ደኅና ባሉበት ቀን ውክልና የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ወይም የባንኩ ሠራተኛ ቤት ድረስ መጥቶ እንዲያስፈርማቸው ያመልክቱ፤ ሕመምን ወይም እርጅናን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ሲቀርብ ይህን የሚፈቅዱ አሉ። ውክልናው በባንኩ ከተመዘገበ በኋላ የእሳቸውን ካርድ ይመልሱላቸውና በወኪልነትዎ በራስዎ ስም የሚወጣ ሌላ ካርድ ይጠይቁ፤ ያኔ የሚያወጡት ገንዘብ ሁሉ ማን እንዳወጣው ተለይቶ ይመዘገባል።